ፋብሪካው ለምን መጣ? ለምንስ ሄደ? ስለ ኩባንያዎች ወጪ ቅነሳና መስፋፋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ልብስ ፋብሪካዎች፣ ስለ ሀዋሳና ስለ ውጭ ኩባንያዎች በተነሳ ቁጥር ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ፤ ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኩባንያ «ወጪ ቀነሰ» ሲባል ምን አደረገ ማለት ነው?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው እውነተኛ ቁጠባ ነው። ድሮ ሸሚዝ ሲቆረጥ ይጣል የነበረው ቁራጭ ጨርቅ ዛሬ በተሻለ አቆራረጥ ከተረፈ ወጪ ቀነሰ፤ ማንም አልተጎዳም። የጃፓኑ ቶዮታ ዝነኛ የሆነው በዚህ ነው። ዕቃ ገዝቶ መጋዘን ከመቆለል ይልቅ፣ መስመሩ ላይ በሚፈለግበት ሰዓት እንዲደርስ አደረገ። ተቀምጦ የሚውል ገንዘብ የለም፣ የመጋዘን ኪራይ የለም።

ሁለተኛው ወጪውን ሌላ ሰው ላይ ማዞር ነው። ፋብሪካው ሰርቪስ አቁሞ ሠራተኛዋ በራሷ ታክሲ ትምጣ ሲል፣ ወጪው የትም አልሄደም። ከእሷ ኪስ መውጣት ጀመረ እንጂ። የፋብሪካው ቆሻሻ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባም ያው ነው፤ ወንዙን የሚጠጣው ከብትና የከብቱ ባለቤት ይከፍላሉ። ሂሳብ መዝገብ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። እኔ ግን ስለ አንድ ኩባንያ «ጎበዝ ነው፣ ወጪ ቀነሰ» ሲባል ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛውን እንዳደረገ ነው።

አውትሶርስ ማድረግና ፋብሪካን ወደ ውጭ አገር መውሰድ አንድ ነው?

አይደለም። አውትሶርስ ማለት ሥራውን ለሌላ ድርጅት መስጠት ነው። እዚያው ከተማ ውስጥም ሊሆን ይችላል። ባንክ ጥበቃና ጽዳቱን ለኤጀንሲ ሲሰጥ አውትሶርስ አደረገ ይባላል። ወደ ውጭ መውሰድ ደግሞ የቦታ ጉዳይ ነው። ኩባንያው የራሱን ፋብሪካ ሌላ አገር ሊተክል ይችላል፤ ሥራው ግን አሁንም የራሱ ነው።

ናይኪ ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ኩባንያ ነው። በ1964 ሲጀመር ስሙ ብሉ ሪቦን ስፖርትስ ነበር፤ ሥራውም የጃፓን ጫማ አሜሪካ አስገብቶ መሸጥ ነበር። በ1970ዎቹ የጃፓን የን ሲጠነክርና የጃፓን ደሞዝ ሲያድግ ሥራው ወደ ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ተዛወረ። እነዚያም ሲወደዱ ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ቻይናና ቬትናም ሄደ። ንድፉና ማስታወቂያው አሜሪካ ኦሪገን ቀረ፤ ስፌቱን የሚሠሩት የሌሎች ሰዎች ፋብሪካዎች ናቸው።

ችግሩ የመጣው «ፋብሪካው የኛ አይደለም» ከሚለው መልስ ነው። በ1990ዎቹ የሠራተኞቹ አያያዝ በጋዜጣ ሲወጣ ገዢው ሕዝብ ይህን መልስ አልተቀበለም። በ1998 የኩባንያው መሪ ፊል ናይት በጫማ ፋብሪካዎቹ ከ18 ዓመት በታች፣ በልብስ ፋብሪካዎቹ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ሰው አዲስ እንደማይቀጠር ቃል ገባ። ሥራውን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ ስሙ ግን ጫማው ላይ እንደተለጠፈ ነው።

ደሃ አገር ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ለምን ሁልጊዜ ልብስ ስፌት ይሆናል?

ጨርቅ እሺ ስለማይል ነው። ብረት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሮቦት ይይዘዋል። ጨርቅ ይለመጣል፣ ይሸበሸባል፣ ይንሸራተታል። የሸሚዝ ኮሌታ አዙሮ መስፋት እስካሁን የሰው ጣት ይፈልጋል። የልብስ ስፌት መኪና ከሌላው የፋብሪካ ማሽን አንጻር ርካሽ ነው፤ ተነቅሎ በኮንቴይነር ይጫናል፤ ሌላ አገር ይተከላል። ስለዚህ ይህ ኢንዱስትሪ እንደ ዘላን ነው። ሣሩ ባለበት ይሰፍራል።

ሁለተኛው ምክንያት ኮታ ነበር። ከ1974 እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ ሀብታም አገሮች ከየአገሩ የሚገባውን ልብስ በመጠን ይገድቡ ነበር። ኮታው የሞላበት አገር ኮታ ያልሞላበት አገር ይፈልግ ነበር። ባንግላዴሽ የገባችው በዚህ በር ነው። ዳዉ የተባለው የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ዴሽ ጋርመንትስ ከተባለ የባንግላዴሽ ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። በ1979 ወደ 130 የሚሆኑ ባንግላዴሻውያን ኮሪያ ሄደው ሠለጠኑ። ሲመለሱ ብዙዎቹ ውለው አድረው የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። ዛሬ እዚያ አገር ወደ 4 ሚሊዮን ሰው በጋርመንት ይተዳደራል። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ባንግላዴሽን የለወጠው ርካሽ ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ1979 በፊትም ርካሽ ነበረች። አዲሱ ነገር ሥራውን ከላይ እስከ ታች የሚያውቁ የአገር ልጆች መገኘታቸው ነው።

ዕቃ ባሕር አቋርጦ ማምጣት ውድ አይደለም እንዴ?

ድሮ ውድ ነበር። ከረጢቱም ሣጥኑም በሰው ትከሻ ነበር የሚጫነው። ሚያዝያ 1956 ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት 58 የብረት ሣጥኖችን አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርዚ ወደ ሂዩስተን ላከ። በሰው ትከሻ ሲጫን በቶን ወደ 6 ዶላር የሚጠጋው ወጪ ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ከዚያ በኋላ ሻንጋይ ወይም የባንግላዴሽ ወደብ በሆነችው ቺታጎንግ የተሰፋ ቲሸርት ኒው ዮርክ ለመድረስ የሚያስወጣው ዋጋው ላይ ከምንም የማይቆጠር ሆነ።

ይህ ግን ወደብ ላላቸው ነው። የኛ ሁኔታ ሌላ ነው፤ ከታች እመለስበታለሁ። ደግሞም መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም ይደነግጣል። መጋቢት 2021 ኤቨር ጊቨን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ቦይን ለስድስት ቀን ዘጋችው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር ጀመሩ። በሚፈለግበት ሰዓት ይድረስ ብሎ መጋዘኑን ባዶ ያደረገ ሁሉ ያን ጊዜ ተቸገረ።

ታላላቅ ብራንዶች ሀዋሳ ድረስ ለምን መጡ?

ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ነው የተመረቀው። የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ በዘጠኝ ወር ገደማ ገነባው፤ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ቀዳሚው ኩባንያ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ነበር። ከእሱ ጋር የሕንድ፣ የስሪላንካ፣ የቻይናና የኢንዶኔዥያ አምራቾች ገቡ። ሲሞላ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተባለ።

መንግሥት ያዘጋጀላቸው ነገር ብዙ ነበር። ሼዱ ተሠርቶ የሚጠብቅ፣ የግብር እፎይታ፣ ማሽንና ጥሬ ዕቃ ያለ ቀረጥ፣ በጊዜው ከጎረቤት አገሮች የረከሰ መብራት። ቆሻሻ ውሃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ጣቢያም ተሠራ። ይህ ለብራንዶቹ ትልቅ ነገር ነው፤ ገዢዎቻቸው ስለ አካባቢ ይጠይቋቸዋል። በጊዜው አሜሪካም አውሮፓም ቀረጥ አይጠይቁም ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሚሰለፍ ወጣትም ሞልቶ ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ ሚያዝያ 24፣ 2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ተደርምሶ 1,134 ሰው ከሞተ በኋላ ደግሞ ብራንዶቹ አዲስና ንጹሕ ቦታ ፍለጋ ላይ ነበሩ። ሀዋሳ በዚያ ሰዓት ደረሰች።

በወር 26 ዶላር የሚባለው ደሞዝ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን የመነሻ ደሞዝ ነው። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ላይ ነው ቁጥሩ የታወቀው። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ ማለት ነው። ከተመለከቷቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ሆኖ አገኙት። በዚያው ሰሞን ባንግላዴሽ 95 ዶላር ነበር። ብዙ ፋብሪካዎች ከመነሻው ላይ የምሳ፣ የትራንስፖርትና ሳይቀሩ ለመጡበት የሚሰጥ ጉርሻ ይጨምሩ ነበር፤ እሱም ሆኖ ወር አያደርስም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለግል ድርጅቶች የወጣ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበረም። የ2011 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወለሉን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም በር ከፍቷል። በር መክፈትና መግባት ግን ለየቅል ናቸው።

ደሞዙ እንዲህ ርካሽ ከሆነ ታዲያ ለምን አልቆዩም?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህ ነው። አጭሩ መልስ፦ ፋብሪካ የሚገዛው ጉልበት ሳይሆን የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ነው። ለማስረዳት ያህል ቁጥር እንውሰድ። አንዲት ሠራተኛ በወር 100 ዶላር እየተከፈላት በቀን የ40 ሸሚዝ ድርሻዋን ትሠራለች እንበል። ሌላዋ 40 ዶላር እየተከፈላት 12 ትሠራለች። በወር 26 ቀን ከሠሩ፣ የመጀመሪያዋ ጉልበት በሸሚዝ 10 ሳንቲም ገደማ፣ የሁለተኛዋ 13 ሳንቲም ገደማ ያወጣል። ርካሿ ተወደደች ማለት ነው። ልምድ ያላት እጅ ፈጣን ናት፤ ልምድ ደግሞ በዓመታት ነው የሚመጣው። ሀዋሳ ላይ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይለቁ ነበር። ፋብሪካው ሲያሠለጥን ከርሞ፣ የሠለጠነችው ትሄዳለች፤ እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ከዚያ መንገዱ አለ። ከሸሚዝ ወጪ ትልቁ ድርሻ ጨርቁ ነው፤ ጉልበቱ ትንሽ ነው። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ አብዛኛው ከእስያ ይመጣል። ጂቡቲ ይወርዳል፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የአገሪቱ የውጭ ንግድ በዚያች ወደብ ነው የሚያልፈው። ከዚያ በከባድ መኪና ወይም በባቡር ወደ መሃል አገር ይገባል። ጉምሩክ ላይ ወረቀት ይጠበቃል። ተሰፍቶ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ቺታጎንግ ያለ ፋብሪካ ወደቡ ደጁ ነው። የፋሽን ልብስ በአንድ ወር ከዘገየ ወቅቱ አልፎ በቅናሽ ይሸጣል፤ ስለዚህ የመንገዱ ቀን ሁሉ ገንዘብ ነው። መብራት ሲጠፋ መስመሩ ሙሉ ይቆማል። የውጭ ምንዛሪ ወረፋው ሲረዝም መለዋወጫ አይገባም።

እነዚህ ሁሉ እያሉ ግን ኩባንያዎቹ ቆይተው ነበር፤ እየተሻሻለም ነበር። የመጨረሻውን ምት ያደረሱት የሰሜኑ ጦርነትና አጎዋ የሚባለውን የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ማጣታችን ናቸው። ኅዳር 2021 ፒቪኤች ሀዋሳ ያለውን የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ምክንያት ያደረገው ጦርነቱን ነው።

አጎዋ ምንድነው? ማጣታችንስ ያን ያህል ይጎዳል?

አጎዋ በ2000 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። መስፈርቱን ያሟሉ የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ለልብስ ደግሞ አንድ ትልቅ ዕድል ነበረው፦ ጨርቁ ከየትም አገር ይምጣ፣ ስፌቱ አፍሪካ ውስጥ ከሆነ ያልፋል። ኢትዮጵያ የራሷ ጨርቅ በበቂ መጠንና ጥራት ስላልነበራት ይህች አንቀጽ ነበረች ነፍሷ።

ጥር 1፣ 2022 ኢትዮጵያ ከጊኒና ከማሊ ጋር ከዝርዝሩ ወጣች። የተሰጠው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ነው። ጉዳቱን በቁጥር እዩት። የጥጥ ቲሸርት መደበኛው የአሜሪካ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው። ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ከሆነ 32 በመቶ። ትርፉ በሳንቲም በሚቆጠር ሥራ ላይ ይህ በአንድ ሌሊት ሲጫን የሚተርፍ የለም። ለአሜሪካ ብቻ ይሰፉ የነበሩት መስመሮች ቆሙ። ጦርነቱን ያልጀመረችው፣ ያላዘዘችውም የ20 ዓመት ልጅ ከሥራ ወጣች። እኔ ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል።

አውሮፓ ግን በሩን አልዘጋም። በ2001 በተጀመረው አሠራር መሠረት ከኢትዮጵያ የሚገባ ልብስ ቀረጥ አይከፍልም። የቀሩት ፋብሪካዎች አንዱ መተንፈሻ ይህ ነው። አሜሪካ በሚያዝያ 2025 በየአገሩ ላይ አዲስ ቀረጥ ስታውጅ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተደባለቀ። ሌሴቶ፣ ያቺ ትንሽ የልብስ ስፌት አገር፣ መጀመሪያ 50 በመቶ ተባለች፤ በኋላ ወደ 15 ወረደ። ገዢ ለስድስት ወር የሚሆን ትእዛዝ መስጠት የሚፈልገው ቀረጡን አውቆ ነው፤ ሲለዋወጥበት እጁን ይሰበስባል።

ሠራተኞቹ ለምን ይለቃሉ? ሥራ ስለማይወዱ አይደለም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ያዝናል። ሂሳቡን ከእሷ ወገን እንሥራው። ከሲዳማ ገጠር ወይም ከአጎራባች ወረዳ ትመጣለች። ቤት ትከራያለች፤ ብቻዋን አይቻልምና አራት ሆነው አንድ ክፍል ይካፈላሉ። ኪራይ፣ ጤፉ ወይም ቆጮው፣ ሳሙናው ሲነሳ ለቤተሰብ የሚላክ አይተርፍም። ማታ ሺፍት ሲያልቅ ጨለማ ነው፤ መንገዱ ያስፈራል። ሱፐርቫይዘሩ የሚጮህባት በማታውቀው ቋንቋ ነው። በቀን ይህን ያህል ቁራጭ የሚለው ታርጌት ካልሞላ ይጮሃል። እርሻ ላይ ፀሐይ እያየች ያደገች ልጅ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ ትጠይቃለች። ይህን ሁሉ ችላ ብትቆይ ትርፉ ምንድነው?

ሁለት ኢኮኖሚስቶች፣ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን፣ ይህንኑ በጥናት አዩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ አምስት ድርጅቶች ለሥራ ካመለከቱ ወደ 1,000 ገደማ ሰዎች መካከል በዕጣ ለያዩ። ለአንዱ ወገን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው ንግድ መጀመሪያ 300 ዶላር ገደማና ሥልጠና፣ ለቀሪው ምንም። ከዓመት በኋላ ገንዘብ ያገኙት ገቢያቸው በሲሶ ገደማ ከፍ አለ። ፋብሪካ የገቡት ከሌላው የተሻለ ገቢ አላገኙም፤ አብዛኛዎቹም ለቀው ነበር፤ ሥራው በጤናቸው ላይ አደጋ ማድረሱም ታየ። በአምስተኛው ዓመት ግን የገንዘቡም ብልጫ ጠፍቶ ሁሉም ተቀራርበው ተገኙ። ስለዚህ ከፋብሪካው መውጣት ስንፍና አልነበረም። ጉልት ላይ ተቀምጣ የምታገኘው ከእሱ አያንስም ነበር።

አንዳንድ ፋብሪካዎች ይህ ሲገባቸው ነገሩን ለወጡ። ማደሪያ፣ ሰርቪስ፣ ሲዳምኛ የሚናገር አለቃ። ወጪ መጨመር ይመስላል። እያንዳንዷ ለቅቃ ስትሄድ የሚባክነው የሥልጠና ጊዜ ሲታሰብ ግን ቁጠባ ነው።

ሁሉም ኩባንያ ርካሽ ደሞዝ ያሳድዳል?

አያሳድድም። የዛራ ባለቤት ኢንዲቴክስ ዋና መሥሪያ ቤቱ ስፔን ጋሊሲያ ውስጥ አርቴይሾ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ፋሽን የሚለዋወጥበትን ልብስ ብዙውን ስፔን፣ ፖርቱጋል፣ ሞሮኮና ቱርክ ያሰፋል። ደሞዙ ከእስያ ይበልጣል። ግን ልብሱ ከንድፍ እስከ ሱቅ በጥቂት ሳምንታት ይደርሳል። ሰው የማይገዛውን ቀድሞ በብዛት አያሰፋም። ሳይሸጥ የሚቀር ልብስ ከማንኛውም ደሞዝ የበለጠ ውድ ነው። በየወቅቱ የማይለወጠውን ካልሲና ነጭ ቲሸርት ግን እሱም ከሩቅ ያስመጣል።

አዲስ ገበያ የሚገቡትስ? ቢራና ስልክ የሚሸጡልን ለምን መጡ?

እነዚህ የመጡት ለመሸጥ ነው። ጋርመንቱ ጉልበታችንን ፈልጎ መጣ፤ ቢራው አፋችንን ፈልጎ። ሃይኒከን በ2011 በደሌንና ሐረርን ከመንግሥት ገዛ፤ ቀጥሎ ቂሊንጦ ላይ አዲስ ፋብሪካ ተከለ፣ ዋልያንም አወጣ። ያለቀለት ፋብሪካ መግዛት ፈጣን ነው፤ ደንበኛውና ስሙ አብረው ይመጣሉ። ሳፋሪኮም የገባው በፈቃድ ነው። ከአጋሮቹ ጋር በ2021 ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በ2022 አገልግሎት ጀመረ።

የሚሳካለት ሁሉ አይደለም። የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታ አቦን በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር። በ2022 ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ።

የኛም ኩባንያ እንዲሁ ይስፋፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶጎ ሎሜ ላይ አስካይ የተባለውን አየር መንገድ ሲያቋቁም፣ የማላዊን አየር መንገድ 49 በመቶ፣ የዛምቢያን 45 በመቶ ሲይዝ ያደረገው ይህንኑ ነው። መንገደኛውን በአካባቢው አገሮች ይሰበስባል፤ ረጅሙን በረራ አዲስ አበባ ላይ ያገናኛል። አውሮፕላኑን የሚጠግነውም፣ አብራሪውን የሚያሠለጥነውም ራሱ ነው። ወጪ ቅነሳና መስፋፋት አብረው ሲሄዱ ማየት የፈለገ ቦሌ ሄዶ የሌሊቱን ትራንዚት ቢያይ ይበቃዋል።

ብር ሲዳከም ለፋብሪካ ጥሩ አይደለም?

በግማሹ ነው። ሐምሌ 29፣ 2024 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ120 አልፎ ነበር። ልብሱን በዶላር ሸጦ ደሞዝ በብር ለሚከፍል ፋብሪካ ጉልበቱ ረከሰለት። ጨርቁንና መለዋወጫውን ግን በዶላር ነው የሚገዛው፤ እዚያ ላይ ያተረፈው የለም። ምንዛሪ በወረፋ ማግኘት መቅረቱ ከዋጋው ይበልጥ ሳይጠቅመው አይቀርም።

ሠራተኛዋ ጋ ደግሞ ዘይቱም ሳሙናውም ይጨምራል። ደሞዟ በብር ካልተስተካከለ «ጉልበት ረከሰ» ማለት እሷ ደኸየች ማለት ነው። ከዚያ ትለቃለች፤ ፋብሪካውም እንደገና ከሀ ይጀምራል።

ትርፍ እያላቸው ግብር የማይከፍሉት እንዴት አድርገው ነው?

አንዱ ዘዴ ዕቃን ለራስ መሸጥ ነው። ኩባንያው ግብር ከፍ ባለበት አገር ያለው ቅርንጫፉ ምርቱን ግብር ዝቅ ባለበት አገር ላለው ወንድም ኩባንያ በርካሽ ይሸጣል። ያኛው ለገበያ በውድ ይሸጣል። ትርፉ እዚያ ታየ፤ እዚህ ኪሳራ። ዕቃው ግን ከመንገዱ አልወጣም፤ የዞረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ለስም፣ ለምክርና ለቴክኖሎጂ የሚከፈል ክፍያም በዚሁ መንገድ ሊጋነን ይችላል። አጭበርባሪነቱን ከሕጋዊው ለመለየት «ሁለት የማይተዋወቁ ነጋዴዎች ቢሆኑ በስንት ይሻሻጡ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ለጠያቂው የግብር መሥሪያ ቤት ግን መልሱን ማግኘት ቀላል አይደለም።

በ2021 ከ130 በላይ አገሮች ትልልቅ ኩባንያዎች የትም ቢሆኑ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲከፍሉ ተስማምተዋል። አፈጻጸሙ በየአገሩ ይለያያል። ለረጅም ዓመት የግብር እፎይታ እየሰጠ ባለሀብት ለሚጠራ እንደኛ ላለ አገር ይህ በጥንቃቄ የሚታይ ነገር ነው፤ እኛ የተውነውን ግብር ሌላ አገር ሊሰበስበው ይችላልና።

እህቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልትቀጠር ነው። ምን ብላ ትጠይቅ?

ደሞዙን ብቻ ጠይቃ እንዳትመለስ። መነሻው ስንት ነው፣ ከእሱ ውጭ ያለው ስንት ነው? አንድ ቀን ብትታመም የሚቀረው የቀኑ ብቻ ነው ወይስ ሳይቀሩ ለመጡበት የሚሰጠው ሙሉ ጉርሻም አብሮ ይሄዳል? ብዙዎች የሚደነግጡት የመጀመሪያውን ወር ደሞዝ ሲቀበሉ እዚህ ላይ ነው። ሰርቪስ አለ? የማታ ሺፍት ካለስ እስከ ቤቷ ያደርሳል? ማደሪያ ከሌለ ከመቀጠሯ በፊት የቤት ኪራይ ታጣራ፤ ከምትተዋወቃቸው ልጆች ጋር ብትካፈል ይሻላል።

በሕጉ በኩል ደግሞ እነዚህን ትያዝ። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። ክፍያው ቀን ላይ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ 1.75 ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ፣ በበዓል ሁለት ተኩል እጥፍ። የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ብትወልድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዟ ታርፋለች። ጡረታ ከእሷ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል፤ እውነት እየገባ መሆኑን መጠየቅ መብቷ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋብሪካው ለየትኛው አገር እንደሚሰፋ ትጠይቅ። የሚሰፋው ለአንድ ገዢና ለአንድ አገር ብቻ ከሆነ፣ ያ አገር ቀረጥ በቀየረ ማግስት ሥራው ሊቆም እንደሚችል አይተናል። ለሁለት ለሦስት ገበያ የሚሰፋ ፋብሪካ ከሆነ ልቧን ጥላ መግባት ትችላለች። የሚያሠለጥኗትንም ትጠይቅ። አንድ ስፌት ብቻ ሳይሆን ሦስት አራት ዓይነት መኪና እያዟዟሩ የሚያስተምሩ ከሆነ፣ ነገ ፋብሪካው ቢሄድ እንኳ ሙያው እሷ ጋ ይቀራል። ከዴሽ ጋርመንትስ ሄደው ኮሪያ የሠለጠኑትም የጀመሩት እንደዚሁ ነበር።